ሜትሩና ስም መጥሪያው፦ የትምህርት ቤቶች ዳግም መክፈቻ ሰነዶች ከጤና አንጻር ሲመዘኑ

መግቢያ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ለአጭር ጊዜ ይሆናል ተብሎ የታሰበው መዘጋት ሰባት ወር ዘልቆ፣ ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ከክፍል ርቀው ቆይተዋል። በዓለም ደረጃም መዘጋቱ ጣሪያ በደረሰበት ወቅት ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን ያላነሱ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

ስለ መዘጋቱ ተገቢነት ብዙ ተጽፏል። ስለ መክፈቻው የተጻፈው ግን በአብዛኛው መመሪያ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ይታዘዙታል እንጂ አይተቹትም የሚል ልማድ አለ። ይህ ጽሑፍ ልማዱን ትቶ፣ በእ.ኤ.አ. 2020 የወጡትንና ለብዙ አገሮች መመሪያ ምንጭ የሆኑትን ሁለት ዓለም አቀፍ ሰነዶች አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በእጁ ይዞ እንደሚያነባቸው አድርጎ ይመዝናል። የምዘናው ድምዳሜ አስቀድሞ ቢነገር የሚከተለው ነው፦ ሰነዶቹ በጎ ሐሳብ አላነሳቸውም፤ ነገር ግን በቁጥር ያስቀመጡት ለመለካት የቀለለውን ነው። የተማሪውን ጤና በይበልጥ የሚወስኑት ሁለት ጉዳዮች፣ ማለትም በክፍሉ ውስጥ ያለው አየርና ወደ ክፍሉ ሳይመለስ የቀረው ልጅ፣ መለኪያ ሳይበጅላቸው ቀርተዋል።

ሰነዶቹ የያዙት

የመጀመሪያው በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2020 ዩኔስኮ፣ ዩኒሴፍ፣ የዓለም ባንክና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በጋራ ያወጡት የዳግም መክፈቻ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ ስድስት ዐምዶች አሉት፤ እነርሱም ፖሊሲ፣ ገንዘብ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ አሠራር፣ ትምህርት፣ እጅግ የተገለሉትን መድረስ፣ እንዲሁም የተማሪዎች ደኅንነትና ጥበቃ ናቸው። ሥራውንም ከመክፈት በፊት፣ በመክፈት ሂደትና ከተከፈተ በኋላ ብሎ በሦስት ጊዜ ይከፍለዋል። ሁለተኛው የዓለም የጤና ድርጅት ከዩኒሴፍና ከዩኔስኮ ጋር በመሆን መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2020) ያወጣው የትምህርት ቤት ነክ የኅብረተሰብ ጤና እርምጃዎች ሰነድ ነው። ይህኛው የስርጭቱን መጠን በደረጃ ከፍሎ፣ በሰዎች መካከል ቢያንስ የአንድ ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ፣ እጅ እንዲታጠብ፣ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች እንደ አዋቂዎች ጭምብል እንዲያደርጉ፣ መስኮትም በተቻለ መጠን እንዲከፈት ይመክራል።

ሁለቱንም ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አዘጋጆቹን በችኮላ ሊወቅስ አይችልም። የመጀመሪያው ሰነድ የተገለሉትን ልጆች ራሱን በቻለ ዐምድ አስቀምጧል። ሁለተኛውም ትምህርት ቤት መዝጋት የመጨረሻው አማራጭ መሆን እንዳለበት አሳስቧል። ክትባት ባልነበረበት፣ የቫይረሱ ጠባይ በየወሩ አዲስ ነገር በሚያሳይበት ጊዜ ይህን ያህል ሚዛናዊ ሰነድ ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው ሰነዶቹ ከዓለም አቀፍ ድርጅት ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ክልልና ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርዱ ነው። ቁጥር ያለው ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ቁጥር የሌለው ምክር ይነበባል። አንድ ሜትር ቁጥር ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ሜትር ይዞ ይለካዋል። የእጅ መታጠቢያ ብዛት ቁጥር ነው፤ ይቆጠራል። «የተቻለውን ያህል አየር ማናፈስ» ግን ቁጥር የለውም፤ «የተገለሉትን መድረስ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ከስድስቱ ዐምዶች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጎልቶ የሚታየው አንዱ፣ ማለትም ደኅንነቱ የተጠበቀ አሠራር የተባለው፣ ከእርሱም ውስጥ በዓይን የሚታየው ክፍሉ ብቻ ይሆናል።

አንድ ሜትር ርቀትና አንድ ክፍል አየር

ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። ወርዱ ሰባት፣ ርዝመቱ ስምንት ሜትር የሆነ ክፍል ይወሰድ፤ ስፋቱ 56 ካሬ ሜትር ነው። በክፍሉ 50 ተማሪዎች ቢቀመጡ ለእያንዳንዱ 1.12 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። የአገሪቱ መለኪያ ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ቢልም፣ ከዚያ በላይ የያዙ ክፍሎች እንግዳ አይደሉም። የአንድ ሜትሩ ትእዛዝ በአግባቡ ይፈጸም ከተባለ ተማሪዎቹ በግማሽ መቀነስ አለባቸው፤ ለሦስት ሰው የተሠራው ኮምባይንድ ዴስክ ለአንድ ወይም ቢበዛ ለሁለት ሰው ይቀራል። 1,800 ተማሪዎችና 36 ሴክሽኖች ያሉት ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ 72 ሴክሽን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ቀድሞውንም በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ፣ ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። በሌላ አነጋገር የአንድ ሜትሩ ዋጋ የተማሪው የትምህርት ጊዜ ግማሽ ነው። ሰነዱ ይህን ዋጋ አልጻፈውም።

ዋጋው ተከፍሎስ የተገዛው ነገር ምን ያህል ነበር? ለዚህ ጥያቄ የተሻለ መነሻ የሚሆነው በእስራኤል፣ በኢየሩሳሌም ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተከሰተው ነው። የእስራኤል ትምህርት ቤቶች በእ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2020 ሙሉ በሙሉ ተከፈቱ። ከዐሥር ቀን በኋላ ከ12 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወደ 1,200 የሚጠጉ ተማሪዎች በነበሩበት በዚህ ትምህርት ቤት ወረርሽኝ ተነሣ፤ በተደረገው ምርመራ 153 ተማሪዎችና 25 ሠራተኞች ተይዘው ተገኙ። ክስተቱን ያጠኑት ባለሙያዎች በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ በየክፍሉ ከ35 እስከ 38 ተማሪዎች የነበሩ ሲሆን የክፍሎቹ ስፋት ከ39 እስከ 49 ካሬ ሜትር ነበር። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ከ1.1 እስከ 1.3 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው፤ ከላይ ለምሳሌ ከተወሰደው የ50 ተማሪ ክፍል ጋር ይቀራረባል።

ይህ ጽሑፍ በብዙ አገሮች «መጨናነቁ ምን እንደሚያመጣ እዩ» ለማለት ተጠቅሷል። ጠቃሚ ጥናት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሙሉውን ያነበበ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። በእነዚያ ቀናት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር፤ በሙቀቱ ምክንያት ተማሪዎች ጭምብል ከማድረግ ለጥቂት ቀናት ነጻ ተደርገዋል፤ የአየር ማቀዝቀዣውም ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። እንግዲህ መጨናነቅ፣ ጭምብል ማውለቅና ያንኑ አየር ደጋግሞ መተንፈስ በአንድነት የተገናኙበት ሁኔታ ነው። ጥናቱ የአየር ልውውጡን አልለካም፤ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ውጭ የነበራቸውን ግንኙነትም ከክፍሉ መተላለፍ ለይቶ ማሳየት አይችልም። ከሦስቱ ምክንያቶች መካከል በኋላ ወደ ብዙ መመሪያዎች ጎልቶ የገባው ግን በሜትር የሚለካው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአየር ቁጥር ያወጣው በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 ባሳተመው የአየር ማናፈሻ ሰነድ ነው፤ ለመኖሪያ ባልሆኑ ቤቶች በነፍስ ወከፍ በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር። ይህን ቁጥር ወደዚያው ክፍል ብናመጣው፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር ከፍታ ካለው የክፍሉ ይዘት 168 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለ25 ተማሪዎች የክፍሉ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ተኩል ገደማ፣ ለ50 ተማሪዎች ደግሞ ዐሥራ አንድ ጊዜ ገደማ መለወጥ ይኖርበታል። ይህ በኤሌክትሪክ ለሚሠራ ማናፈሻ ከባድ ሸክም ነው። ለመስኮት ግን ከባድ ላይሆን ይችላል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ውስጥ የተደረገውና በእ.ኤ.አ. 2007 የታተመው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በመካከለኛ ግምት በሰዓት 28 ጊዜ እንደሚለወጥ፣ በማሽን በሚናፈሱት ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት ክፍሎች ደግሞ ከሁሉም በልጠው ተገኝተዋል።

የሊማ ነፋስ የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ነፋስ አይደለም፤ የሆስፒታል ክፍልም የመማሪያ ክፍል አይደለም። መስኮት መክፈት ፊት ለፊት ተጠጋግተው በሚያወሩ ሁለት ተማሪዎች መካከል ያለውን መተላለፍም አያስቀርም። ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ ለዘመናት በተንሰራፋበት አገር ይህ እውቀት ለሐኪሞች እንግዳ አልነበረም። መስኮቶቹ የተከፈቱለት 40 ተማሪ የያዘ ክፍል፣ መስኮቶቹ ተዘግተው 25 ተማሪ ከያዘ ክፍል የተሻለ አየር ሊኖረው እንደሚችል መናገር ይገባ ነበር። ይህን ለማለት ግን መመሪያው ከአገሬው እምነት ጋር መነጋገር ነበረበት። በታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ ይኸው ተሳፋሪ መምህርም ነው፣ ወላጅም ነው። በክረምት ዝናብና በደጋ ብርድ መስኮት ማስከፈት ከእጅ ማስታጠብ የበለጠ ማስረዳት ይጠይቃል። ብዙ ክፍሎች ያላቸው የቆርቆሮ መስኮት ሲዘጋ ክፍሉን የሚያጨልም፣ ሲከፈት ደግሞ ዝናብ የሚያስገባ ነው። ለእነዚህ መስኮቶች መጠገኛ የሚሆን በጀት ከሳኒታይዘር በጀት ጎን መቀመጥ ነበረበት።

ቅጥሩ ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ የት ነበር?

የመክፈቻ እቅድ በመክፈቻው ዋዜማ አይጀመርም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ እንዴት እንደተመራ፣ ሲከፈት ማን እንደሚመለስ ይወስናል። ሰነዶቹ ለዚህ ጊዜ የሰጡት ቦታ በዋናነት የርቀት ትምህርት ነው። በኢትዮጵያም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን እንዲሰጥ፣ በአዲስ አበባም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ጽሑፎች በቴሌግራም እንዲደርሱ ተሞክሯል። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም አንድ ምጸት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም፤ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲተላለፍባቸው የቆዩት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች፣ ርቀት ግድ በሆነበት በዚያ ወቅት በተቆለፉት ክፍሎች ውስጥ ነበሩ።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የመሣሪያው ዓይነት አይደለም። ሬዲዮ ማን እንዳልሰማ አያውቅም፤ የቴሌግራም ቻናልም ስንት ሰው እንደተመለከተ ይናገራል እንጂ ማን እንደጎደለ አይናገርም። የጎደለውን የሚያውቀው ስም መጥሪያው ነው። በየሴክሽኑ አንድ የክፍል ኃላፊ መምህር አለ፤ በእጁም የሃምሳ ልጆች ስም ዝርዝር አለ። በቀን ዐሥር ቤተሰብ ቢደውል በአምስት የሥራ ቀን ሁሉንም ያዳርሳል። «ልጁ እንዴት ነው? እቤት አለ? ያመመው ሰው አለ? መጽሐፉ አልጠፋም?» ለሚሉት አራት ጥያቄዎች የሚያስፈልገው የሞባይል ካርድ ነው። ስልክ ለሌለው ቤት ደግሞ ጎረቤት፣ ዕድርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሉ።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ከቦትስዋና የተገኘው ውጤት ያስረዳል። ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት 4,500 ያህል ቤተሰቦችን ባሳተፈ ሙከራ፣ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በየሳምንቱ አጭር የስልክ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት ሲደርሳቸው የሒሳብ ችሎታቸው ካልደረሳቸው ልጆች መሻሻሉ ታይቷል። ውጤቱ ለሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ባይገለበጥም፣ ለስልኩ የሚወጣው ወጪ ከብዙ ኮምፒዩተር ዋጋ በታች መሆኑ ግልጽ ነው። የሰነዶቹ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ በመዘጋቱ ወቅት ደመወዙ እንዲከፈለው አሳስበዋል፤ በዚያ ጊዜ በእጁ ስላለው መዝገብ ምን እንዲያደርግ ግን አልነገሩትም።

ያልተመለሱት

ትምህርት ቤት መዝጋት በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በወረርሽኙ ዘገባ ውስጥ አይታይም። ጉዳቱ ከወራት በኋላ ወደ ነፍሰ ጡር ክትትልና ወደ ማዋለጃ ክፍል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍልም ይመጣል፤ በታካሚዋ ካርድ ላይ «ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ነበር» የሚል ቃል ግን አይጻፍም። ይህም ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከኮቪድ በፊት ተገኝቶ ነበር።

በሲየራ ሊዮን የኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት በ2014 አጋማሽ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2015 ነው። በዚያ ወቅት የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ወረርሽኙ ኑሮን ይበልጥ ባናጋባቸው መንደሮች ወጣት ሴቶች በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘታቸው መጠን በ16 ነጥብ መቶኛ አሽቆልቁሏል፤ ከጋብቻ ውጭ የሆነ እርግዝናም ጨምሯል። ልጃገረዶች የሚሰባሰቡባቸው ክበቦች በነበሩባቸው መንደሮች ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀንሷል። ከሁሉም የሚያሳዝነው የመክፈቻው ደንብ ነበር። መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ሲከፍት እርግዝናቸው የሚታይ ልጃገረዶች ወደ ክፍል እንዳይገቡ ከለከለ። መዘጋቱ የጎዳቸውን መክፈቻው በስም ለይቶ በር ዘጋባቸው ማለት ነው። ክልከላው በምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 አድልዎ መሆኑ ተፈርዶበት፣ የተነሣው በመጋቢት 2020 ነው።

በኬንያ ደግሞ በኮቪድ መዘጋት ያለፉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን ከዚያ በፊት ካጠናቀቁት ጋር ያነጻጸረና በ2022 የታተመ ጥናት አለ። በመዘጋቱ ያለፉት ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ የማርገዝ ዕድላቸው እጥፍ፣ ትምህርት የማቋረጥ ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የተጠኑት በመዘጋቱ ስድስት ወር ያህል የቆዩ ናቸው። ጎረቤቷ ኡጋንዳ ትምህርት ቤቶቿን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በእ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2022 ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ የቁጥሩ ክብደት ለአንባቢ ይገባዋል።

ለጤና ባለሙያ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ልጃገረድ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት የምታገኝበት አንዱ ዋና ቦታ ትምህርት ቤቷ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ሲታሰብ ቀድሞ የሚሰማው የክፍል ጓደኛ ወይም መምህር ነው። ትምህርት ቤት ለጉርምስና ዕድሜ የተዘረጋ፣ ሐኪም የሌለበት የጤና ተቋም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተቋሙ ሲከፈት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት መጡ?» ሳይሆን «ማን ቀረ?» ነው። የመክፈቻ ቅጾች ግን የመጡትን ይቆጥራሉ፤ ይባስ ብሎም የተማሪው ቁጥር ሲያንስ ርቀቱ በቀላሉ ስለሚጠበቅ፣ የቀረው ልጅ በሪፖርቱ ላይ እንደ ስኬት ሊነበብ ይችላል። የሰነዶቹ ትልቁ ግድፈት ይህ ነው።

በበሩ ላይ ያለው ቴርሞሜትር

ርቀቱና ጭምብሉ ከተሟሉ በኋላ በበሩ ላይ የሙቀት መለኪያ ይቆማል። ከኢየሩሳሌሙ ትምህርት ቤት ከተያዙት ተማሪዎች መካከል ምልክት የታየባቸው 43 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከሠራተኞቹ ግን 76 በመቶው ምልክት ነበራቸው። ምልክት ካላቸውም ሁሉ ትኩሳት የሚኖረው አይደለም። እንግዲህ በወጣቶች ዘንድ ቴርሞሜትሩ የሚያሳልፈው ከሚይዘው ይበልጣል። ለወላጅ የመንፈስ እርጋታ ይሰጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ሺህ ተማሪ በበር ላይ ተፋፍጎ እንዲሰለፍ ያደርጋል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ትኩሳት የተገኘበት ልጅ ጉዳይ ነው። ልጁን ማን ይመረምረዋል? የት ይጠብቃል? ለወላጁ ማን ይናገራል? ስሙ በግቢው ውስጥ እንዳይወራ ማን ይጠብቀዋል? ርእሰ መምህሩ ፊዚክስ ወይም ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። በሰነዶቹ አማካይነት የጤና መኮንን ሥራ ተሰጠው፤ የጤና መኮንን ሥልጣን ግን አልተሰጠውም። ትምህርት ቤቱ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር «ይተባበር» የሚል ቃል አለ፤ በጤና ጣቢያው በኩል ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ስም ካልተጻፈበት ትብብር የሚያልቀው በስብሰባ ነው። በሕክምና ዓለም ታካሚን ያለ ማስተላለፊያ ወረቀት መላክ ጥፋት ነው፤ ኃላፊነትን ያለ ማስተላለፊያ ወረቀት መላክም ከዚያ አይሻልም።

ለሰነዶቹ የሚቀርብ መከላከያ

ለዚህ ትችት ሁለት መልሶች ሊሰጡ ይችላሉ። አንደኛው በእ.ኤ.አ. 2020 አጋማሽ የአየር ወለድ መተላለፍ ክብደት ገና በክርክር ላይ ነበር የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን መስኮት ለመክፈት የክርክሩን ማለቅ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ የሊማው ጥናት ከወጣ 13 ዓመት አልፎት ነበር፤ መስኮት መክፈት ደግሞ የተማሪውን የትምህርት ቀን አይወስድም። እርግጠኛ ባልሆኑበት ጊዜ ጉዳታቸው ትንሽ የሆኑትን እርምጃዎች ማስቀደም የቆየ የሕክምና ደንብ ነው።

ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ሰነድ ወደ እያንዳንዱ ስም መጥሪያ መውረድ አይችልም የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። ሆኖም ሰነዱ ወደ እያንዳንዱ ዴስክ ወርዶ የርቀቱን ሜትር ከወሰነ፣ ወደ እያንዳንዱ ስም ወርዶ «በሦስተኛው ቀን ያልመጣ ተማሪ ቤት ይጠየቅ» ለማለት የሚያግደው ነገር አልነበረም። ጉዳዩ የአቅም ሳይሆን የትኩረት ነው።

ምን ሊጻፍ ይገባል?

ወረርሽኝ እንደገና መምጣቱ ስለማይቀር፣ የሚቀጥለው መመሪያ ቢያንስ አራት ነገሮችን በቁጥርና በስም ቢያስቀምጥ ይበጃል።

አንደኛ፣ የአየር መለኪያው ከርቀቱ መለኪያ ይቅደም። እያንዳንዱ ክፍል ስንት የሚከፈት መስኮት እንዳለው ይቆጠር፤ የማይከፈተው ይጠገን፤ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ በርና መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ እንዲናፈስ በደወል ይታዘዝ። ርቀቱን ለማስጠበቅ ተማሪን በግማሽ መቀነስ ከአየር፣ ከጭምብልና ከክትባት በኋላ የሚመጣ አማራጭ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስም መጥሪያው አይዘጋ። የክፍል ኃላፊው መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን ቤተሰብ እንዲያገኝ ካርዱም ሥራውም ይታሰብለት። ሲከፈት ደግሞ የየሳምንቱ ሪፖርት የመጀመሪያ መስመር የቀሩት ተማሪዎች ቁጥር፣ ሁለተኛው መስመር የመቅረታቸው ምክንያት ይሁን።

ሦስተኛ፣ መዘጋቱ የጎዳውን የሚያገል ደንብ በመክፈቻው አይገባ። ያረገዘች፣ ያገባች፣ ሥራ የገባ፣ ዕድሜው ያለፈ፣ የመማሪያ መጽሐፍ የጠፋበት ተማሪ ሁሉ በዚያው ክፍል እንዲመዘገብ በግልጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ በራሱ ግምት ይወስናል።

አራተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአካባቢው ጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ በስም ይመደብ። ልጅ ወደ ቤቱ እንዲሄድ፣ ክፍል እንዲዘጋ ወይም እንዲከፈት የመወሰን ሥልጣን የእርሱ ይሁን፤ ርእሰ መምህሩ ትምህርቱን ይምራ።

መደምደሚያ

የእ.ኤ.አ. 2020 የዳግም መክፈቻ ሰነዶች በጭንቅ ጊዜ የተጻፉ፣ በብዙ ረገድም አስተዋይ ሰነዶች ናቸው። የ2012 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ የካቲት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ቢዘገይም መሰጠቱ፣ ብዙ ክፍሎችም መከፈታቸው በእነርሱና በመምህራን ልፋት የተገኘ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አስበው ነበር፤ ትምህርት ቤትን የሚዘጋው ቫይረሱ ብቻ እንደሆነ፣ ቫይረሱም ሲታገሥ ተማሪው በራሱ ጊዜ እንደሚመለስ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ከክፍል የወጡ የክልሉ ተማሪዎች አብዛኞቹ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሳይመለሱ ቆዩ። ለእነርሱ የእጅ መታጠቢያው ብዛትም ሆነ የዴስኩ ርቀት ትርጉም አልነበረውም። ትርጉም የሚኖረው የእያንዳንዳቸውን ስም የያዘ፣ የት እንዳሉ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ነበር።

ሐኪም የአንድን ዋርድ ጤና የሚለካው ባዶ አልጋ በመቁጠር አይደለም፤ ባዶ የሆነው ታካሚው ድኖ ነው ወይስ ሞቶ ብሎ ይጠይቃል። ባዶ ዴስክም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። የሚቀጥለው መመሪያ ሲጻፍ ጸሐፊዎቹ በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው እጃቸው ስም መጥሪያ ይዘው ቢነሡ፣ ሁለቱንም መያዝ ካልቻሉ ደግሞ ሜትሩን ቢያስቀምጡ፣ ለተማሪውም ለኅብረተሰቡም ጤና ይሻላል።